አረንጓዴውን ቡና ያልሸሸጉት አቶ ብርሃነመስቀል ተካ

አቶ ብርሃነመስቀል ተካ ከአባታቸው ከመሪጌታ ተካ በላይነህ፣ ከእናታቸውም ከወይዘሮ የዓለምዘርፍ ባዘዘው ጥቅምት 9 ቀን 1934 ዓ.ም. በማጂ ከተማ ተወለዱ። ከአባታቸው እግር ሥር ፊደልና ዳዊት ከተማሩ በኋላ ዘመናዊ ትምህርታቸውን በማጂና በሚዛን ተፈሪ ተከታተሉ። በ1956 ዓ.ም. ፎቶግራፍ አንሺ ሆኑ፤ በ1961 ዓ.ም. ከወይዘሮ በየነች ሳህሉ ጋር ተጋብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። ከአብዮቱ በኋላ በመንግሥት የፊልም ክፍል ተቀጥረው በየገበሬ ማኅበሩ ፊልም እያሳዩ፣ እየቀረጹም አገለገሉ።

በሰኔ 1972 ዓ.ም. ሸዋንግዛው የተባሉ አዘጋጅ፣ ታሪክም ተናጋሪም የሌለው፣ የቡና ለቃሚዎች እጅ ብቻ የሚታይበት የሙከራ ፊልም ሊሠሩ ቴፒ መጡ። አቶ ብርሃነመስቀልም ያ ፊልም እንዴት እንደተሠራ የሚያሳይ ሌላ ፊልም እንዲቀርጹ ታዘዙ። ቡናው ገና አልቀላም ነበር፤ አዘጋጁ ግን ጊዜ የለንም ብለው አረንጓዴው እንዲለቀም አዘዙ። ወይዘሮ ማሚት የተባሉ ለቃሚ ቅርጫታቸውን አስቀምጠው፣ «ጌታው፣ ይሄ እኮ አልደረሰም፤ ዛፉ ምን በደለን?» አሉ።

አዘጋጁም ስቀው፣ «እማማ፣ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቀዩን ከአረንጓዴው ማን ይለየዋል?» አሉ።

«እጃችን ይለየዋላ።»

ሦስት ቀን ተለቀመ፤ የተለቀመውም ወንዝ ዳር ተደፋ። አቶ ብርሃነመስቀል ንግግሩንም መደፋቱንም ቀረጹ።

አለቆቻቸው ያንን ክፍል እንዲቆርጡ ባዘዟቸው ጊዜ፣ «የሆነውን አሳይ ተባልሁ፤ የሆነውን አሳየሁ» ከማለት በቀር አልተከራከሩም፤ አልቆረጡምም። ያለ ቀራጩ ፊርማ ፊልም መቁረጥ ስለማይፈቀድ፣ ፊልሙ ሳይታይ ተቆለፈበት። እርሳቸውም ካሜራቸውን አስረክበው በሚዛን ተፈሪ የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ሆኑ። በዚያም ስምንት ዓመት አሳለፉ። ዘመድ ሁሉ «ለልጆችህ ስትል ፈርም» እያለ ያደክማቸው ነበር።

በኩላሊት ሕመም በተኙ ጊዜ፣ ቢፈርሙ ወደ አዲስ አበባ ለሕክምና እንደሚላኩ ተነገረ። ወረቀቱን አልጋቸው ድረስ የወሰደው ይህን የሚጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ነው። አንብበው፣ ሳይፈርሙ አጥፈው መለሱለት፤ አልተቆጡትም። ታኅሣሥ 3 ቀን 1981 ዓ.ም. በተወለዱ በ47 ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ፊት አይቶ የማያደላ አምላክ ነፍሳቸውን ከጻድቃን ጎን ያሳርፍ፤ እኛንም «ፈርም» ስላልንበት ልመናችን ይቅር ይበለን። አሜን።