ማስተር ፕላን ነው ተብሎ ስለተወሰደው የወረቀት ሰውዬ

ቡራዩ፣ ጥር 22 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩ የቀበሌያችን የጸጥታ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ አካም ጂርቱ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ አንገትዎ፣ ጉልበትዎ ሁሉ ደህና ይሁኑልዎ። ይህን የምመኝልዎ ከልቤ ነው፤ በቀበሌያችን ወገብና ጉልበት የሚታይበትን ብቸኛውን ክፍል ያሸጉት እርስዎ ስለሆኑ፣ ከእንግዲህ ቢታመሙ መሄጃ የለዎትም።

እኔ ማሪቱ እባላለሁ፤ ፋብሪካ ውስጥ ጠርሙስ እያነሣሁ ሣጥን ውስጥ እደረድራለሁ። ቀኝ ትከሻዬ ተይዞ እጄ ከደረቴ በላይ አልወጣ ብሎኝ ዓመት ሙሉ ስንገላታ፣ ጣቢታ በኪራይ ክፍሏ ሰውነት ላይ እየተከለች የምታክምበት ቀጭን የቻይና መርፌ ደረሰልኝ። ጣቢታ ከወላይታ መጥታ፣ መንገድ በሚሠሩ ቻይኖች ክሊኒክ ስድስት ዓመት ስታስተረጉም ሙያውን የተማረች ናት። አልጋ ስለሌላት ዐሥራችንንም በአንድ ክፍል፣ በፕላስቲክ ወንበር፣ ክብ አሠርታ ታስቀምጠናለች፤ ያለው ያለውን ይከፍላል፣ የሌለው እግዜር ይስጥልኝ ይላል። በስድስተኛው ቀን ፀጉሬን በገዛ እጄ አበጠርኩ። አለቀስኩ፣ ምን እደብቅዎታለሁ!

አሁን ወደ ቅሬታዬ፣ ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

1ኛ. ስለ ንቃትዎ አመሰግናለሁ። ጣቢታ ግድግዳዋ ላይ የለጠፈችው የወረቀት ሰውዬ መርፌ የሚወጋበትን ቦታ የሚያሳይ ሥዕል ነው፤ ከራስ ቅሉ እስከ እግር ጣቱ መስመር ተሰምሮበታል፣ በየመስመሩም ላይ ቀይ ነጥብ አለ። እርሻቸው ከከተማው ጫፍ ላይ የሆነው ጎረቤታችን ኦቦ ጃራ ገና ሲገቡ ደንግጠው፣ የእኔ መሬት የትኛው ነጥብ ላይ ወደቀ ብለው ጠየቁ። አልፈርድባቸውም፤ የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን መሬታችንን ሊወስድ ነው በተባለበት በዚያን ሰሞን፣ እንኳን የቻይና ሥዕል፣ የልጅ ደብተር ላይ ያለ መስመርም እንቅልፍ ይነሳን ነበር። እሳቸው ግን ሰውዬው ጆሮ እንዳለው ሲያዩ ስቀው ተቀመጡ። እርስዎ ወሬው ደርሶዎት ሲመጡ ጆሮውን አላዩትም። ከተረከዙ ወደ ትከሻው የሚወጣው መስመር ቀለበት መንገድ ነው ወይ ብለው መረመሩን፤ ይኼ ቀይ ነጥብስ የት ነው ሲሏት ጣቢታ ክርን ነው ብትልዎ፣ ክርን የተባለ ቀበሌ ብለው ቃለ ጉባኤ ላይ አሰፈሩት። እንዲህ ያለ ትጋት የት ይገኛል!

2ኛ. ስብሰባችንን ስለበተኑልን አመሰግናለሁ። ዐሥር ሰው ጆሮውና ግንባሩ ላይ መርፌ ተተክሎ ትንፍሽ ሳይል ሲቀመጥ ፈቃድ የሌለው ስብሰባ እንደሚባል አላወቅንም ነበር። ሰውዬውን ጠቅልለው ይዘው፣ ተበተኑ ብለው በሩን ሲያሽጉ ግን መርፌው ሳይነቀል ነው የወጣነው። ኦቦ ጃራ ግንባራቸው ላይ እንደተተከለ ታክሲ ተሳፍረው፣ ረዳቱ ፈርቷቸው ሒሳብ ሳይጠይቃቸው አሸዋ ሜዳ ደርሰዋል።

3ኛ. ይኼ ስለ ወንበሮቹ ነበር፤ በጽሕፈት ቤትዎ በረንዳ ላይ ባለጉዳይ ተቀምጦባቸው ስላየሁ ትቼዋለሁ።

በዚሁ ወር ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። እሰይ አልን። እንግዲያውስ የእኛም ሰውዬ ይለቀቃል ብለን ብንመጣ፣ የቀረው ዋናው ነው፣ ይኼኛው ገና እየተጣራ ነው አሉን። ክቡርነትዎ፣ እጄ ተመልሶ ወርዷል። ፀጉሬን ጎረቤቴ ታበጥርልኛለች፤ አለቃዬም እስከ የካቲት መጨረሻ ሣጥን ካላነሣሽ ቦታሽን ለሌላ እሰጣለሁ ብሎኛል። በዚህ ላይ ቀልድ የለኝም፣ ተናድጃለሁ። ሦስት ልጆች የሚበሉት በዚህ ትከሻ ነው። ክፍሉን ይክፈቱልን።

ዕድሜና ሥልጣን፣ በተለይም ዕድሜ፣ እንዲበዛልዎ የምትመኝ፣ ምንጊዜም አክባሪዎና እስኪከፈት ድረስ ከበርዎ የማትጠፋው

ማሪቱ

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ቅዳሜ በጠሩት ስብሰባ ላይ፣ አስተዳደሩን የሚደግፍ እጁን ያውጣ ሲሉ ያላወጡትን ሰባት ሰዎች ስም እንደመዘገቡ ሰማሁ። ሰባታችንም የጣቢታ ታካሚዎች ነን፤ ሴራ አይደለም፣ ትከሻ ነው። ክፍሉ ይከፈትና መጀመሪያ እጃችን ይነሣ፤ ለምን እንደምናነሣው ያኔ እናያለን።