የይርጋ ቀበቶ

ሰኞ፣ ግንቦት 8

ይርጋ ዛሬም ስለ ባሕሩ ውሃ ጥራት አወራ። ሜዲትራንያን እንዲህ ነው፣ ሜዲትራንያን እንዲያ ነው። ከጀልባ ላይ ሳንቲም ብትጥል ታች አሸዋው ላይ ሲያርፍ ታየዋለህ አለ። ሠራተኛው አፉን ከፍቶ ያዳምጣል። እኔ ኮምፕሬሰሩ አጠገብ ተቀምጬ ሲሊንደር በአየር እሞላ ነበርና ድምፁ እንዳይሰማኝ ሞተሩን ጨመርሁበት። አልጠቀመኝም። ይርጋ ከሞተር በላይ ይጮሃል።

የውጭ አገር የሁለት ዓመት ሥልጠናውን ጨርሶ ከተመለሰ ሁለት ሳምንቱ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጣና ላይ አንድ ጣቱን አላራሰም። አንድ ቀን ጆሮዬን ይላል፣ አንድ ቀን ጉንፋን ይላል። ግን የጠላቂዎች ክፍል ኃላፊ ተደርጓል። ክፍሉ ማለት እኔ፣ እሱ፣ ገመድ ያዡ ጋሼ መኩሪያ፣ አንድ ኮምፕሬሰርና አራት ሲሊንደር ነው።

ሥልጠናው የኔ ነበር። እንዳልረሳው ልጻፈው። ምጽዋ ጠልቄ የተማርሁት እኔ። አምስት ዓመት ሙሉ በዚህ ቡናማ ውሃ የመርከብ ሆድ ስፍቅ የኖርሁት እኔ። ስሜ ተላልፎ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቼ፣ ሻንጣ ተውሼ የጠበቅሁት እኔ። ይርጋ ያኔ የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ሐይቁን የሚያውቀው እስከ ጉልበቱ ነው። ውይይት ክበብ ላይ ብድግ አለና "ጓድ አዱኛ ውሃ ከመግባቱ በፊት ያማትባል፤ አባቱም ዘጌ ደብተራ ናቸው። ይህ ሰው ነው ውጭ ወጥቶ አብዮቱን የሚወክለው?" አለ።

ማማተቤ እውነት ነው። ሳላማትብ ገብቼ አላውቅም። በሳምንቱ ስሜ ተሰረዘ፣ በወሩ ይርጋ ሄደ። ሻንጣውን እንኳ የተዋሰው እኔ ከተዋስሁበት ቤት ነው።

አልረሳሁም። አልረሳም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 9

የትልቋ ጀልባ መልህቅ ሰንሰለቱ ተበጥሶ ከወደቡ አፍንጫ ሥር ሰመጠ። ጥልቀቱ ስምንት ሜትር ቢሆን ነው። የግማሽ ሰዓት ሥራ። የጎማ ልብሴን አንድ እግሬ ላይ እንዳጠለቅሁ ይርጋ መጣና ተው አለኝ። ቅዳሜ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ፤ መልህቁን እነሱ ፊት ራሱ ያወጣዋል። አገር ያስተማረችው ለምን እንደሆነ ይዩ አለ። እግሬን መልሼ አወጣሁ። ጀልባዋ እስከ ቅዳሜ በገመድ ታስራ ትቀመጣለች።

ከዚያ ደግሞ ስለ ማሰልጠኛው። ጠዋት ጠዋት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ተሰልፈው የዕለቱን ጥልቀት ይጽፋሉ። ሁለት ሁለት ሆነው ይጠልቃሉ፤ ያለ ጓደኛ የገባ ሰው ምሳ ይከለከላል። ሲወጡ ዕቃውን ሁሉ በንጹሕ ውሃ ያጥባሉ፣ ጨው እንዳይበላው። የጎማውን ልብስ እንደ ቋንጣ ሰቅለው በጥላ ያደርቁታል። ይህን ሁሉ እኛም እናደርጋለን ተባለ። ስለዚህ ዛሬ ከጣና የወጣውን ዕቃ በጣና ውሃ ሁለት ጊዜ አጠብሁ። የምን ጨው ነው የማጥበው ብዬ ልጠይቀው ነበር። ተውሁት። ጋሼ መኩሪያ ዞር ብለው ሲስቁ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ረቡዕ፣ ግንቦት 10

ዛሬ ደስ ብሎኛል። ከተሰረዝሁ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ይርጋ ለቅዳሜ ቀበቶውን አዘጋጀ። ጠላቂ ውሃው እንዳያንሳፍፈው ወገቡ ላይ የእርሳስ ቁራጭ ይታጠቃል። ከዚያ ይዞት የመጣ አዲስ ቀበቶ ነው፣ ዘለበቱ ያብረቀርቃል። እርሳሱን አንድ በአንድ ሰካ። ቆጠርሁ። ስምንት።

ስምንት! ለባሕር ልክ ነው። ጨው ውሃ ሰውን ወደ ላይ ይገፋል። ጣና አይገፋም፤ ለይርጋ ቁመና እዚህ አምስት ይበቃዋል። እኔም ከምጽዋ የመጣሁ ሰሞን ይህን አላወቅሁም ነበር። በባሕሩ ቀበቶ ገብቼ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ወረድሁና ጭቃው እስከ ጭኔ ዋጠኝ። ጋሼ መኩሪያ ናቸው ጎትተው ያወጡኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሦስት ቁራጭ አውልቄ ነው የምገባው።

ለይርጋ ይህን የነገረው የለም። እዚያ ማን ይነግረዋል? ስለ ጣና የሚያውቅ የለም። እዚህ ደግሞ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው።

ነገሩ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ዋጥሁት።

እንዲሆን የምፈልገው፦ እንግዶቹ ፊት ይዘላል። ይሰምጣል። ጭቃ ውስጥ ይተከላል። መልህቁን ሳይነካ፣ አፍንጫው ድረስ ጭቃ ሆኖ፣ በገመድ እንደ አምባዛ ዓሣ ተጎትቶ ይወጣል። እንግዶቹ ይስቃሉ። ይኸው ነው። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 11

ገመዱን የምይዘው እኔ ነኝ። ይርጋ ራሱ ነው ያለው። ለእንግዶቹ ፎቶግራፍ ሽማግሌ ገመድ ይዞ ባይታይ ይሻላል አለ። እኔን ገመድ ያዥ ሊያደርገኝ፣ እሱ ሲጠልቅ እኔ ዳር ቆሜ እንድታይ ነው። ይሁንለት።

እዚያ ገመድ አይጠቀሙም፤ ውሃው ስለሚያሳይ በእጅ ይጠቃቀሳሉ። እዚህ ታች የራስህን እጅ አታይም። ስለዚህ የኛን ምልክት አስረዳሁት። አንድ መሳብ፣ ደህና ነኝ። ሁለት፣ ገመድ ልቀቅ። ሦስት፣ አውጡኝ። ደገመልኝ። ጎበዝ አልሁት። ስለ እርሳሱ አልነገርሁትም።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ መኩሪያ ገመዱን ሲቋጥሩ ቀስ ብለው ጠየቁኝ። "ስለ ቀበቶው ነገርኸው?"

"ነገርሁት ጋሼ።"

አዩኝ። ከዚያ ቋጠሮአቸውን ቀጠሉ። ለጋሼ መኩሪያ ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነው። ይህም በይርጋ ሒሳብ ይያዝ።

ዓርብ፣ ግንቦት 12

የሺ ምን አግኝተህ ነው የምታንጎራጉረው አለችኝ። ሚስቴ ነገር ታሸታለች። ነገርኋት። እንደኔ የምትደሰት መስሎኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ስሜ የተሰረዘ ዕለት ከኔ ይልቅ ያለቀሰች እሷ ናት። ሽሮዋን አማሰለች።

ቆየችና "ሰውዬው ቢሞትስ?" አለች።

አይሞትም፣ ገመዱ በእጄ ነው አልኋት።

"እኔስ የፈራሁት በእጅህ መሆኑን አይደል?"

ተናደድሁ። ራቴን ግማሽ ተውሁ። የሰው ሚስት ለባልዋ ታግዛለች፣ የኔዋ ለይርጋ። ነገ ጠዋት ልንገረው እንዴ ብዬ አንድ ጊዜ አሰብሁ። ከዚያ ያ "ያማትባል" ያለበት ድምፅ ትዝ አለኝ። አልነግረውም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 13

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

እንግዶቹ ሰባት ናቸው። ወንበር ተደርድሮላቸዋል። ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ። ይርጋ በአዲሱ ልብስ ብቅ አለ፣ ፎቶግራፍ ተነሣ። ቀበቶውን አየሁ። ስምንት።

ሊዘል ሲል መነጽሩን ያስተካከለ መሰለ። አላስተካከለም። አውራ ጣቱ ግንባሩን፣ ከዚያ ደረቱን ነካ፣ ከዚያ ቶሎ ብሎ ሁለቱን ትከሻውን። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። አማተበ! ይርጋ! ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ይህን ኪሴ ውስጥ አስቀመጥሁት፣ ለሌላ ቀን።

ዘለለ። ገመዱ መዳፌን እያቃጠለ ሮጠ። ከዚያ ቀጥ አለ። ታች ደርሷል። አረፋ ወጣ፣ ከአረፋው ጋር ጭቃ። ውሃው ጠቆረ። ከእንግዶቹ አንዱ ሥራ ጀመረ መሰለኝ አለ።

ገመዱ ተሳበ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

አልሳብሁትም። እስከ ሃያ ልቁጠር አልሁ። እስከ ሃያ ብቻ፣ እንዲጨንቀው። አንድ ብዬ ጀመርሁ። በመሀል እንደገና ሦስት ጊዜ ሳበ። ሰባት አልሁ። እንደገና። ዘጠኝ። አሥር። አሥራ አንድ ላይ ገመዱ ላላ። የሚስበው እጅ ጠፋ።

ሳብሁ። አልመጣም። ጋሼ መኩሪያ ሮጠው መጡ፣ ሁለታችን ሳብን፣ ጭቃው አልለቀቀውም። አረፋው ቀነሰ። ጋሼ መኩሪያ ፊቴን አዩ። "አልነገርኸውም" አሉ፤ ጥያቄ አልነበረም።

ጫማዬን አውልቄ በሱሪዬ ዘለልሁ። ገመዱን በእጄ እየተከተልሁ ወረድሁ። ጨለማ ነው። በዳሰሳ መጀመሪያ ያገኘሁት ጭንቅላቱን ነው። መተንፈሻውን ከአፉ ጥሎታል፤ ደንግጦ የተማረውን ሁሉ ረስቶ፣ ዘለበቱን በመፍታት ፈንታ ጭቃውን በሁለት እጁ ይቧጥጣል። ዘለበቱ በጭቃ ተቀብሯል። ሁለት ጊዜ አመለጠኝ። በሦስተኛው ከፈትሁት። ቀበቶው ወደቀ። ጋሼ መኩሪያ ከላይ ሳቡ፣ እኔ ከታች ገፋሁ።

የወደቡ ድንጋይ ላይ አስተኙት። ጭቃ አስመለሰው፣ አሳለው፣ ተነፈሰ። ያኔ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ለሱ ይሁን ለኔ አላውቅም።

እንግዶቹ ጨበጡኝ። ጀግና አሉኝ። አንደኛው ግን አልጨበጠኝም፤ ይመለከተኝ ነበር። ለምን እንደሆነ ጋሼ መኩሪያ በኋላ ነገሩኝ። ከመዝለሌ በፊት አማትቤያለሁ። እንግዶቹ ሁሉ ፊት፣ ከግንባር እስከ ደረት፣ ከትከሻ እስከ ትከሻ፣ አሳምሬ። እኔ አላስታውሰውም።

እሑድ፣ ግንቦት 14

ብርቱካን ይዘን ይርጋን ልንጠይቅ ሄድን። የሺ ናት የጎተተችኝ። ሚስቱ እግሬ ላይ ልትወድቅ ደረሰች። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልሁ። ሴቶቹ ወደ ጓዳ ሲገቡ ሁለታችን ቀረን። ይርጋ ጋቢ ተከናንቧል፣ ዓይኑ ቀልቷል።

"ገመዱን ስስብ የት ነበርህ?" አለኝ።

መዋሸት እችል ነበር። ደከመኝ። "እየቆጠርሁ ነበር" አልሁት።

"እስከ ስንት?"

"እስከ አሥራ አንድ።"

አንድ ብርቱካን አንሥቶ አገላበጠው። ስለ እርሳሱም ነገርሁት፣ ሁሉንም። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሴቶቹ ሲመለሱ ስለ አየሩ አወራን።

ነገ ውይይት ክበብ አለ። ስለማማተቤ ይነሣል። ስለመቁጠሬ ከተናገረ ደግሞ እስር ነው። ከተናገረ እኔም እሱ ማማተቡን እናገራለሁ። አብረን እንሰምጣለን። የሺን ልብስ አዘጋጂልኝ አልኋት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ሹራብም ጨመረችበት።

ሰኞ፣ ግንቦት 15

የማማተቤ ነገር ተነሣ። የስብሰባው መሪ ወረቀት አየና ከእንግዶቹ አንዱ፣ ውሃ ውስጥ ከመዝለሉ በፊት ያማተበው ሠራተኛ ማን ነው ብለው ጠይቀዋል አለ። ጋሼ መኩሪያ ኮፍያቸውን ያሻሉ። እኔ እጄን ለማውጣት ስል ይርጋ ብድግ አለ። ያኔም እንዲሁ ነበር ብድግ ያለ፣ ከዚያው ወንበር። ስለሱ ማማተብ የምናገረውን በልቤ ደረደርሁ።

"ጓዶች፣ እኔ ታች ነበርሁ፣ አላየሁም" አለ። "ግን አዱኛን አውቀዋለሁ። ላቡን ጠርጎ ነው። ሰውዬው ላብ ሲያጠምቀው ከግንባሩ ይጀምርና ደረቱን፣ ከዚያ ሁለቱን ትከሻውን ይጠርጋል። ልማዱ ነው። ያን ጊዜም ያየሁት እሱኑ ሳይሆን አይቀርም፤ ተሳስቼ ነበር። ግለሂስ አደርጋለሁ።"

ማንም አልሳቀም። መሪው እስክሪብቶውን እያየ "ላብ" ብሎ ጻፈ። ወደ ሌላ ጉዳይ ተሻገረ።

ይህን ምን ልበለው? ሁለት ዓመት ያቀፍሁትን ነገር ከእጄ ነጠቀኝ። አሁን ባለ ዕዳው እኔ ነኝ። ተናድጃለሁ። እፎይም ብያለሁ። የቱ እንደሚበልጥ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ወደቡ ላይ አገኘኝ። መልህቁ አሁንም ታች ነው፣ የሱ ቀበቶም አጠገቡ። ነገ ሁለቱንም የማወጣው እኔ ነኝ። ጋሼ መኩሪያ ወገቤን አሞኛል ብለው ቀርተዋል፤ የእውነት ይመማቸው አይመማቸው እንጃ። ስለዚህ ገመዱን የሚይዘው ይርጋ ነው። ምልክቱን እንደገና አስረዳሁት። አንድ፣ ደህና ነኝ። ሁለት፣ ልቀቅ። ሦስት፣ አውጡኝ።

"ገባኝ" አለ። "እኔም እስከ አሥራ አንድ መቁጠር እችላለሁ።"

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ለየሺ ነገርኋት። እሷ አልሳቀችም።