ሁለቴ ብቻ የጠየቀው ሐኪም

ውድ እማማ አርዲስ፣

ለጤናዎ እንደምን ነዎት ብዬ አልጠይቅም፤ መልስዎን አውቀዋለሁ። «ክፉ አይደለም» ነው የሚሉት። ላሞቹን የሚያልብ ሰው መቅረት ስላለበት ቀረሁ እንጂ፣ ነገ ልብዎን ሲያክሙት ደጅ ላይ ብጠብቅ ደስ ባለኝ ነበር። ይህን ልጅዎ ከርት ያነብልዎታል። እያነበበ ካለቀሰ እባክዎ በመስኮቱ ወደ ውጭ ይመልከቱለት።

ባለፈው ወር ከልብ ሐኪሙ ሲወጡ መኪና ውስጥ ሆኜ «ምን አለዎት?» ስልዎ፣ «ደህና ነው» አሉኝ። እርስዎ ቤት ሲቃጠል «ትንሽ ሞቅ ብሏል» የሚሉ ሰው ስለሆኑ አላመንኩዎትም። ለለቀስተኛ ምግብ ከሚያበስሉበት ከቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሲወጡ ደረጃው መሃል ላይ ግድግዳ ተደግፈው «ሥዕሉን እያየሁ ነው» ሲሉኝ ከርመዋል። እዚያ ግድግዳ ላይ ምንም ሥዕል የለም።

«የልቤ ቫልቭ፣ ደም የሚያሳልፈው በር፣ ደርቋል አለኝ» አሉ በመጨረሻ። «ያደረቀው ያኔ ለጡቴ ካንሰር የተሰጠኝ ጨረር ነው አለኝ። ግራ ጡቴን ስለነበር ልቤንም ነካክቶት ኖሮ፣ ከስንት ዓመት በኋላ ብቅ አለ። ካልተቀየረ ብዙ አልቆይም። በአዲስ ልቀይርልዎ አለኝ።»

«እና?»

«ኧረ ተወው፣ ለባሰበት ሰው አድርገው አልኩት።»

«እምቢ አሉ?»

«እምቢ አላልኩም። ሁለቴ ብቻ ነዋ የጠየቀኝ።»

መኪናውን ዳር አስያዝኩ። እዚህ ሚኒሶታ ቡና እንኳ ሲቀርብ ሁለቴ «ይቅርብኝ» ተብሎ በሦስተኛው ነው የሚጠጣው። ሐኪምዎ ዶክተር ሳላዛር ግን የቴክሳስ ልጅ ነው። እሱ አገር እምቢ ያለ ሰው እምቢ ብሏል ማለት ነው፤ አክብሮ ሸኘዎት። እርስዎም በይሉኝታ ሞትዎን ተቀብለው ኮትዎን ለብሰው ወጡ።

በጣም ተናደድኩ። ንዴቴን ያሳረፍኩት ግን ጨረሩ ላይ ነበር። «አዳንኩ ብሎ ገደለዎት እኮ!» ስል፣ አይተውኝ በማያውቁት ዓይን አዩኝ።

«ተይ ጆዲ። ያኔ ከርት ገና ጡጦ አልጣለም ነበር። አሁን ራሰ በራ ሆኗል። ጸጉሩ በቅሎ እስኪያልቅ ድረስ አየሁት። ጨረሩ ባይኖር ይህን ሁሉ የት አገኘው ነበር?»

እንዲህ የሚል ሌላ ሰው አላውቅም። ያኔ ጎህ ሲቀድ ላም አልበው፣ ብቻዎን ነድተው ጨረር ወስደው፣ ለማታው አለባ ይመለሱ እንደነበር የነገረችኝ ጎረቤትዎ ናት። እርስዎ አንድ ቀን ትንፍሽ አላሉም። በዚህ ሁሌም አደንቅዎታለሁ። ግን አድንቄ ዝም ብል ኖሮ ቀብርዎ ላይ ቆሜ ነበር የማደንቅዎ።

ስለዚህ ሳልነግርዎ ለሐኪሙ ደወልኩ። «እባክዎ ዶክተር፣ አንዴ ብቻ ደግመው ይጠይቋቸው» አልኩት። ይስቃል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልሳቀም። በማግስቱ በረት ውስጥ ሳለን ስልክዎ ጮኸ። ድምፁ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር።

«ወይዘሮ አርዲስ፣ ቫልቩን ልቀይርልዎ? ደረትዎን ሳልከፍት፣ በጭንዎ የደም ሥር ነው የማስገባው።»

«ካላስቸገርኩህ» ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ።  የምር እምቢ ሊሉ ነው ብዬም ፈራሁ። እርስዎ ግን ላሟ ጀርባ ላይ እጅዎን ጣል አደረጉና «እፈልጋለሁ» አሉት። «መኖር እፈልጋለሁ፣ ልጄ።»

ቤትዎ ከገባሁ ጀምሮ እርስዎ «እፈልጋለሁ» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ለከርት ፈልገዋል፣ ለኔ ፈልገዋል፣ ለማያውቁት ለቀስተኛ ሁሉ ፈልገዋል። ቃሉን ለራስዎ ሲያወጡት ድምፅዎ የልጃገረድ ድምፅ ሆነ። ደፋር መሆንዎን ከዚያ በፊትም አውቅ ነበር፤ የዚያን ቀኑ ድፍረትዎ ግን ከሁሉም ይበልጣል።

እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይባልም፤ እርስዎ ካሉት ግን እኔም ልበል። እኔም እፈልግዎታለሁ።

ምራትዎ
ጆዲ