ዘውድ የጫነው አንበሳ

ቅዳሜ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 1970 ዓ.ም.

ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ቤት መቀመጥ አላስችል አለኝና ጃንጥላ ይዤ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሄድኩ።

የማዘጋጃ ቤቱን የግንባታ ሥራ የምመራው እኔ ስለሆንኩ፣ ከበሩ ቅስት ላይ ያለውን ዘውድ የጫነ አንበሳ ከአብዮቱ በዓል በፊት በመሮ አስፈልፍዬ እንዳጠፋ ካድሬው አዞኝ ነበር። አንበሳው የተቀረጸው ግን ቅስቱን ቆልፎ በያዘው ድንጋይ ላይ ነው። በጃንሆይ ዘመን ሕንፃውን የሠራው ጣሊያናዊ ግንበኛ እንዲያ አድርጎታል። ድንጋዩ ከተነካ ቅስቱ ከላዩ ካለው ሰገነት ጋር ይወርዳል። ይህን ብናገር ለዘውዱ አዝነህ ነው ይለኛል። ስለዚህ ግንበኛው አባ ተማም በኖራ እንዲለስኑት አደረግሁና "ጠፍቷል፣ ጓድ" አልኩ። በዚህ ዝናብ ኖራ እንደማይደርቅ እያወቅሁ።

ዛሬ ስደርስ ልስኑ ረግፎ ዘውዱ ወጥቷል። የአንበሳው አንድ ዓይንም ያየኛል። አባ ተማም ከበሩ ሥር ተጠልለው ነበር።

"ያ ረቢ። ልጄ፣ እንግዲህ በመሮ ልምታው?"

"ሰገነቱስ፣ አባ? ቢወርድ ምን ይውጠናል?"

መሮውን መልሰው ከኮታቸው ኪስ ከተቱት።

በዚህ መሃል ካድሬው መጣ። ጃንጥላውን ዝቅ አድርጎ ይዞ ስለነበር ቀና ብሎ አላየም። እጄን ጨበጠኝ።

"ጥሩ ሠርተሃል። ማክሰኞ ለአብዮቱ በዓል ከጅማ የሚመጡት ጓዶች ሰገነቱ ላይ ነው የሚቆሙት። አንተም ከጎናችን ትሆናለህ።"

እሺ አልኩት።

ዝናቡ አሁንም ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። ሰኞ ዘመን መለወጫ ነው። ባለቤቴ ዶሮ ልግዛ ወይ ብላ ሁለቴ ጠየቀችኝ። እኔ ግን እስከ ማክሰኞ ያባራ ይሆን እያልኩ ቆርቆሮውን አዳምጣለሁ።