ከአንጓው አራት ጣት ከፍ ብሎ

ጥፋቱ የኒካኖር ነው። ይህን ከሰላምታው ያስቀደምኩት፣ ወደ መጨረሻ ባደርገው ሳትደርሺበት ደብዳቤውን እንደምታጥፊው ስለማውቅ ነው። ባልሽ ነውና ስሙን በክፉ ሳነሳው ይከፋሻል። ይክፋሽ።

አሁን ሰላምታዬ ይድረስሽ። እህቴ ሆይ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? ልጅሽ ኤንካርናስ ደህና ናት? ዶሮዎችሽን ያ የጥቅምቱ አውሎ ነፋስ ሳይጨርሳቸው ቀረ? እኔ እዚሁ ቱሞን ባሕሩ ዳር፣ ከአጥሩ ውስጥ፣ እንደነበርኩ አለሁ። ከእግር ጣቶቼ ሁለቱ ሄደዋል። የቀሩት ይበቁኛል፤ አጥሩ ድረስ ሄዶ ለመመለስ ብዙ እግር አያስፈልግም። ከቀኝ እጄም ሦስት ጣት ቀርቶልኛል፤ ብዕር ይይዛል።

ደብዳቤሽ ሐሙስ ዕለት ደረሰኝ። ጠባቂው በዘንግ ጫፍ ሰክቶ አቀበለኝ። ማንም አላነበበልኝም፤ ራሴ አነበብኩት። ስሜን ብቻ መጻፍ የምችል ሴት እንደነበርኩ ታውቂያለሽ። አሜሪካኖቹ ጉዋምን የያዙ ሰሞን፣ ያ ከመርከብ የወረደው ገዢ "አዋቂ የሆነ ሁሉ እስከ ሐምሌ ስሙን መጻፍ ይማር" ብሎ ሲያዝ፣ እኔና አንቺ በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ በከሰል ስንለማመድ ትዝ ይልሻል? አንቺ በሦስት ቀን ቻልሽው። የእኔ እጅ ለሰሌን እንጂ ለፊደል አልታዘዝ ብሎ ወር ፈጀብኝ። ኒካኖር ያኔ አዲስ የሰፈር ሹም ሆኖ፣ በየቤቱ እየዞረ ይፈትን ነበር። ከደጅ ቆሞ ግድግዳዬን አየና "እሜቴ፣ ይሄ ስም ነው ወይስ ዶሮ የጫረችው?" ብሎ ሳቀብኝ። "ዶሮዋስ የምትለቅመው አግኝታ ነው የምትጭረው፤ እኔ ስሜን ጽፌ ምን ልበላ?" አልኩት። አንቺም ከኋላው ሆነሽ አፍሽን በእጅሽ ይዘሽ ሳቅሽ።

የቀረውን ፊደል ያስተማረኝ እዚህ አብሮን የታሰረው ሽማግሌው ቱን ሰቤሪኖ ነው፤ የድሮው የቤተ ክርስቲያን ደዋይ። ጣት የሚባል አልቀረለትም። በክንዱ ጫፍ አሸዋ ላይ ይጽፍልኛል፤ ማዕበሉ መጥቶ ሲደመስሰው "በይ እንግዲህ፣ እኔ አስተማርኩሽ፣ እሱ ይፈትንሽ" ይለኛል። በዚህ ዕድሜሽ ምን ሊያደርግልሽ ብትይኝ፣ ስሜን የጻፍኩባትን ያቺን ወረቀት ለማንበብ ብዬ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በእመቤታችን በዓል ዕለት ነበር። ከዑደቱ በኋላ ቤተ ዘመዱ ሁሉ እኔ ቤት ተሰበሰበ። ታላቅ ነኝና በሩ አጠገብ ተቀምጬ እጄን እዘረጋለሁ፤ ታናናሾቼም አንድ በአንድ እየጎነበሱ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው እያሸተቱ ምርቃታቸውን ይቀበላሉ። ኤንካርና እግሬ ሥር ተኝታለች። ልጅ የለሽምና አሳድጊ ብለሽ ጡት ባስጣልሻት ቀን የሰጠሽኝ ልጅ፣ ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። እኔም ያን ቀን የዘረጋሁት ግራ እጄን ነው። ሁሉም አሸተተው። አንቺ ብቻ ሳቅሽና "ግራ እጅ ምን ይመርቃል! ዛሬ ደግሞ ቀኝሽን ለማን ደብቀሽ ነው?" ብለሽ ከጉያዬ ስበሽ አወጣሽው። እጅጌዬ ወደ ላይ ተሸበሸበ። ወደ አፍንጫሽ አስጠጋሽውና ከሌሎቹ ትንሽ ቆየሽ። ከዚያ ቀና ብለሽ "እግዜር ይስጥልኝ" አልሽኝ። ኤንካርናን ከእግሬ ሥር አንስተሽ ታቅፈሽ ወጣሽ። ከእንቅልፏ ስትቀሰቅሻት ያለቀሰችው ለቅሶ አሁንም ይሰማኛል። ሻርፗ ወንበሬ ላይ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን ኒካኖር መጣ። ዕድሜው ከእኔ ይበልጣልና እጄን አሽትቶ አያውቅም፤ ባርኔጣውን እያነሳ ከደጅ ነው ሰላም የሚለኝ። ያን ቀን ባርኔጣውን አላነሳም። ወረቀት ዘርግቶ "ሐኪሙ ያይሽና እሑድ ትመለሻለሽ። እዚህ ላይ ስምሽን ጻፊ፤ ታውቂ የለ" አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። ከወጥ ቤት ግድግዳ ሌላ ስሜን የጻፍኩበት የመጀመሪያው ነገር ነበር። አንድም ፊደል ሳልሳሳት ጻፍኩት። "ጎበዝ!" አለኝ። ያ እሑድ ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሆነው።

ማንበብ ስችል የሐኪም ቤቱን ጸሐፊ ለመንኩት፤ ወረቀቷን ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ከፍ አድርጎ ያዘልኝ። ላይኛው በእነሱ ቋንቋ፣ ታችኛው በእኛ ነው። "በገዛ ፈቃዴ ከሕዝብ ተለይቼ ለመኖር ጠይቄአለሁ" ይላል። ለቱን ሰቤሪኖ ስነግረው ሳል እስኪያፍነው ሳቀ። "እስፓኝ ይህቺን ደሴት ለአሜሪካ ስትሰጥ ከእኛ ማን ፈረመ? ማንም! አንቺን ግን አስፈርመውሻል። ከጉዋም ሰው ሁሉ የተከበርሽ አንቺ ነሽ፤ ባርኔጣዬን ባነሳልሽ ደስ ይለኝ ነበር፣ በምን ጣቴ ልያዘው እንጂ" አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስኩ።

ከፊርማዬ ሥር በኒካኖር የእጅ ጽሑፍ አንድ መስመር አለች። "የሥጋ ደዌው ምልክት ያለው በቀኝ ክንዷ ውስጠኛ በኩል፣ ከአንጓው አራት ጣት ከፍ ብሎ ነው" ትላለች።

አራት ጣት። ኒካኖር ከተሾመ ወዲህ የአጥር እንጨት እንኳ የሚለካው በአሜሪካኖቹ ኢንች ነው። የሰሌን ዳር በአራት ጣት እንድንለካ እናታችን ያስተማረችው እኔንና አንቺን ነው። ግን ጥፋቱ የኒካኖር ነው፤ የጻፈው እሱ ነውና። እኔ የምፈርደው በተጻፈው ነው። ለልጇ የፈራች እናት ምን እንደምታደርግ አላውቅም፤ አልወለድኩም። ሦስት ዓመት ግን አሳድጌአለሁና ትንሽ ትንሽ አውቃለሁ። ወደ እኔ ዞረሽ "እህቴ፣ ፈራሁ" ብትዪኝ ኖሮ፣ ልጅቷን ራሴ አቅፌ ሳልነካት የምሰጥሽ አልመሰለሽም? ሳልነካት ማቀፍ እንዴት እንደሚቻል አትጠይቂኝ። አገኝለት ነበር።

አሁን በደብዳቤሽ ሁለት ነገር ለምነሽኛል። ከፋሲካ በኋላ መርከብ መጥቶ ሁላችንንም ፊሊፒን ወዳለው የሕሙማን ደሴት ይወስደናል። ከዚያ የተመለሰ ሰው እስካሁን አልሰማንም። ኒካኖር ቅዳሜ ወረቀት ያመጣል፤ "ፈርሚለት፤ ፈረምሽም አልፈረምሽም መወሰድሽ አይቀርም፣ ካልፈረምሽ ግን እሱ ከሹመቱ ይነሳል" ብለሻል። ሁለተኛው፣ ኤንካርና ልታገባ ነውና እሑድ ይዘሻት ስትመጪ እጄን በአጥሩ አሾልኬ እንድመርቃችሁ ነው።

ኑ። ኤንካርና ከአጥሩ አሥር እርምጃ ርቃ ትቁም፤ በቃሌ እመርቃታለሁ፣ ድምፄ ይደርሳታል። ሻርፗን እንዳትጠይቀኝ፤ ከእኔ ጋር ገብቶ ስለነበር አቃጥለውታል። አንቺ ግን ከፈለግሽ ቅረቢ። ግራ እጅ አይመርቅም ብለሻልና ቀኜን እዘረጋልሻለሁ፤ እጅጌዬንም አልጎትትም። እንደዚያን ቀን ግን አታቆይው።

ስለ ወረቀቱ ለኒካኖር ንገሪው፣ ቅዳሜ አይድከም። ሊወስዱኝ ከሆነ ተሸክመው ይውሰዱኝ። በዚህ በኩል አጥር፣ በዚያ በኩል ባሕር ነው፤ የት አመልጣለሁ? በገዛ ፈቃዷ ሄደች ግን አይባልም።

ጣራሽን አውሎ ነፋስ አያንሳብሽ። ጉልበትሽ ይጽናልሽ። እጅሽን የሚያሸቱ ብዙ የልጅ ልጆች ይስጥሽ፤ ለእነሱም ስትዘረጊው የምትደብቂው እጅ አይኑርሽ።

ታላቅ እህትሽ ነኝ። ስሜን ያልጻፍኩት ረስቼው አይደለም፤ አሁንም አንድ ፊደል አልሳሳትም። ከእንግዲህ ግን በማንም ወረቀት ላይ አልጽፈውም።