የጥሩዬ ድንች በጠርሙስ ውስጥ

ረቡዕ፣ መስከረም 14

ዛሬም ሦስት ጠርሙስ ሻገተ። መቅደስ አንዱን ወደ መስኮቱ አንስታ አየችው፤ ከነክዳኑ በረኪና ያለበት ባልዲ ውስጥ ነከረችው። «ጢም አብቅሏል እኮ፤ ለምን አናመነኩሰውም?» አልኋት። አልሳቀችም። የእህቴ ልጅ በቀልዴ ካልሳቀች ነገሩ ከብዷል ማለት ነው።

እንዳይምታታብኝ ከመጀመሪያው ልጻፈው። ጠርሙሶቹ ውስጥ ያለው ድንች ነው። ድንች ስል ጣት የማታህል አረንጓዴ ቡቃያ ናት፤ እንደ ጄሊ በረጋ ምግብ ላይ ቆማ የምታድግ። ዘሩ የመቅደስ እናት ነው፣ የእህቴ የጥሩዬ። ፍሬው ቀይ፣ ትንንሽ፣ ዓይኑ ጎድጎድ ያለ። ጥሩዬ አምበር ከተማ አጠገብ ባለው መሬቷ ትተክለው ነበር። እሷ ከሞተች በኋላ በሽታ መታው፤ ሰዉም የተሻሻለ ዘር ያዘና ረሳው። መቅደስ አድጋ፣ ተምራ፣ ኮሌጅ አስተማሪ ሆነችና አምና ያንን አገር ቤት ለቤት ስትጠይቅ አንዲት አሮጊት ጓዳ ውስጥ ግማሹ የበሰበሰ ጥቂት ፍሬ አገኘች። ይህን ሁሉ ያባዛችው ከዚያ ጎንቁሎ ከወጣ ጫፍ ነው። አሮጊቷ ዘንድ የቀረ የለም። ሌላ ቦታም የለም። እነዚህ ጠርሙሶች ካለቁ የጥሩዬ ድንች አለቀ።

ፍሪጅ የምጠግንበትን የጓሮ ክፍል ለቅቄላታለሁ። ቡቃያ የምትቆርጥበትን የንጹሕ አየር ሳጥን ከአሮጌ ማራገቢያ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እንደ ሌላው ሥራዬ ሁሉ እየበተንሁ እያበላሸሁ ነው የተማርሁት። ማምከኛችን፣ ጀርም የምንገድልበት፣ ትልቅ የእንፋሎት ድስት ነው። እስከ ጳጉሜን ድረስ አንድም አልሻገተብንም።

«ያ ግሩፕሽ ለምን ይሆናል? ጠይቂያቸው እንጂ» አልኋት። በየአገሩ ያሉ የቤተ ሙከራ ሰዎች ስለ ዕቃቸውና ስለ ኮምፒውተራቸው የሚጠያየቁበት የኢንተርኔት ግሩፕ አላት።

«ተማሪዎቼም አሉበት፣ ጋሼ። በድስት ነው የምሠራው ብዬ ልጻፍላቸው?»

እሷ ካፈረች እኔ አላፍርም። ገባሁበት። ስልኬ ያስተረጉመኛል። ስም ሲጠይቀኝ እዚያው ካየኋቸው ስሞች የጣመኝን መርጬ «ዶክተር ባንዳ፣ ከማላዊ» አልሁ። ብቻዬን እንደ ሞኝ ሳቅሁ። ከዚያ ጠየቅሁ፤ ስለ ጠርሙሱም፣ ስለ ድስቱም፣ ስለ ሻጋታውም።


ሐሙስ፣ መስከረም 15

መልስ ዘነበ። አንዱ ከሕንድ፣ የድስቱ ግፊት በቂ ነው ወይ ይለኛል። አንዷ ከጋና፣ አልኮሉን ቀይሩት። ሌላው፣ ስልኬ እንደ ተረጎመልኝ ከሆነ፣ ጠርሙሶቻችን ባርኔጣቸውን አጥብቀው ማድረጋቸውን ይጠይቃል። ክዳኑን ማለቱ ነው፤ እስክረዳው ድረስ ግን ባርኔጣ ያደረጉ ጠርሙሶች ሰልፍ ሲወጡ ታዩኝ።

ሮሳ የምትባል ከፔሩ ያለች ሴት ግን ምክር አልሰጠችም። ጠየቀች። ሻጋታው ከየትኛው መደርደሪያ ጀመረ? ሄጄ አየሁ። ከታችኛው። ወደ ላይ እየወጣ ነው። ጻፍሁላት።

ምሳ ላይ መቅደስ ስልኳን ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ማላዊ ውስጥ ልክ እንደኛ የሆነ ሰው አለ። ድንቹ፣ ድስቱ፣ ሁሉም አንድ ነው።»

«ማነው ደግሞ?»

«ዶክተር ባንዳ ይባላል።»

«ይህን ስም ይዞ ነው ሰው ፊት የሚወጣው?»

«የአገራቸው ስም ነው፣ አይሳቁበት። ትሑት ሰው ነው። እንደ እርስዎ አያላግጥም።»

ሽሮው ትን አለኝ። ጀርባዬን መታች።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ትንሽ ድል። ናይጄሪያ ያለ አንድ ልጅ፣ ማቀዝቀዣው በተነሣ ቁጥር ኮምፒውተሬ ይጠፋል፣ የጻፍሁት ሁሉ ይጠፋብኛል ብሎ ያለቅሳል። ሁለቱን ከአንድ መስመር አትሰካቸው፣ ለኮምፒውተሩም ባትሪ ያለው ማረጋጊያ አድርግለት አልሁት። ይህ የዕለት እንጀራዬ ነው። ምስጋናው ሁሉ ለዶክተር ባንዳ ሆነ። ትንሽ ቀናሁበት።


አርብ፣ መስከረም 16

ደመራ ነው። ጠዋት ከገበያ ሁለት እቅፍ ቄጠማ ይዤ ገባሁ። ሳሎኑን እኔ፣ የጓሮውን ክፍል እሷ ጎዘጎዝን። የእንቁጣጣሹ ደርቆ እዚያው አለ። ልጥረገው ብላት «ይተዉት ጋሼ፣ በላዩ ላይ እጨምርበታለሁ» አለችኝ። ሌላ ሁለት ጠርሙስ ነጭ ነጭ ጣል አድርጎበታል።

ደመራው ሲተከል ለማየት ወጣሁ። ሰዉ መሀል ቆሜ ስልኬ ጮኸ። ከመቅደስ ነው። ለእኔ ሳይሆን ለዶክተር ባንዳ፣ ለብቻው የጻፈችው። መዝጋት ነበረብኝ። አልዘጋሁም።

እንዲህ ይላል፤ ስልኬ እንደ ተረጎመው ሳይሆን እኔ እንደ ገባኝ ልጻፈው። «ዶክተር፣ የእርስዎን ጥያቄ ሳነብ ብቻዬን እንዳልሆንሁ ተሰማኝ። የእኔ ድንች የእናቴ ነው። ስትሞት ትንሽ ነበርሁ፤ ጣዕሙን አላስታውሰውም። እሷንም በደንብ አላስታውሳትም። ሊነግረኝ የሚችለው ያሳደገኝ አጎቴ ብቻ ነው። ጥሩ ሰው ነው። ግን ስለ እሷ በጠየቅሁት ቁጥር ቀልድ ያመጣል፤ እንስቃለን፤ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል። መጠየቅ ተውሁ። ድንቹን ካሳደግሁት ቢያንስ እኔው እቀምሰዋለሁ ብዬ ነው የምለፋው። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ነው የሚጠየቀው?»

ሰዉ ያጨበጭብ ነበር። እኔ መንገድ ላይ ቆሜ ሰው ገፍቶኝ ሲያልፍ እንኳ አልተሳደብሁም። አንድ የማውቀው ሰው «ምነው፣ ሰው ሞተ?» አለኝ። «ድሮ» አልሁት።


ቅዳሜ፣ መስከረም 17

የመስቀል ዕለት። ለመልእክቷ አልመለስሁም። ምን ብዬ? እንደ ባንዳ ብመልስ ውሸት ነው። እንደ እኔ ብመልስ ያው ቀልድ ነው የሚወጣኝ፤ ሌላ ነገር አፌ አልለመደም።

ጥሩዬ እያልሁ ሳልቀልድ ስጠራት ድምፄ ይሰበራል። ለዚህ ነው የምቀልደው። መቅደስ ሕፃን ሆና ፊቷ እንዳላለቅስ ብዬ የጀመርሁት ነው፤ እሷ አድጋለች፣ እኔ ግን እዚያው ቀርቻለሁ። እህቴ በጣም ትናፍቀኛለች። ይህን እዚህ ብቻ ነው የምጽፈው።

ሮሳ ዛሬ ጻፈች። የክፍሉን ፎቶ ላክልኝ አለች፤ ጠርሙሱን ብቻ ሳይሆን ከወለል እስከ ጣራ፣ ሰው በር ላይ ቆሞ እንደሚያየው። ግሩፑ ላይ ለጥፈው፣ ሌሎቹም ይዩት።

ጉድ ፈላ። ፎቶውን ከለጠፍሁ መቅደስ ክፍሏን ታያለች። ክፍሏን ካየች ባንዳ ማን እንደሆነ ታውቃለች። ባንዳን ካወቀች ደብዳቤዋን ያነበበው ማን እንደሆነም ታውቃለች። ካልለጠፍሁ ደግሞ ስድስት ጠርሙስ ነው የቀረው፤ ሁሉም ላይኛው መደርደሪያ ላይ።

ሌላ ዘዴ አሰብሁ። በጨርቅ ልሸፍነው፣ ግድግዳውን ልቀይረው፣ የጎረቤት ክፍል ላንሣ። የአሥር ዓመት ልጅ ብሆን ይሳካልኝ ነበር።

መቅደስ ጎረቤት ቤት በዓል ልትል ወጣች። በሩ ላይ ቆሜ አነሣሁ። ለጠፍሁት። ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ቆለፍሁበት፤ እንዳይነክሰኝ ይመስል።


እሁድ፣ መስከረም 18

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መሳቢያውን ከፈትሁ። ሮሳ አንድ መስመር ብቻ ጽፋለች። «ወለሉ ላይ ያለው አረንጓዴ ምንጣፍ ምንድን ነው?»

ቄጠማ ነው አልሁ። ሣር፣ ትኩስ፣ ለበዓል።

ወዲያው መለሰች። እርጥብ ሣር ይዞት የሚመጣ፣ ከቅንቅን የምታንስ፣ በዓይን የማትታይ ተባይ አለች። ሻጋታ እየበላች ትኖራለች፤ የሻጋታውን ዘር በእግሯ ትይዝና በክዳኑ ሥር ሾልካ ትገባለች። ለዚህ ነው ከታች የጀመረው፤ ከወለሉ በእግሯ እየወጣች ነው። የሕንዱም የጋናዋም ሁሉም ተገረሙ። ሣር አለ ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ማን ያስበዋል? እኛም አልተናገርንም። በዓል ነው፤ ቄጠማ እንዴት ዜና ይሆናል?

ዞር ስል መቅደስ በሩ ላይ ቆማለች። ስልኳ በእጇ።

«ዶክተር» አለችኝ።

ወደ ጓሮ ገባች። ተከተልኋት። ተንበርክካ ቄጠማውን በእጇ እየሰበሰበች ጆንያ ውስጥ ትከታለች፤ ትኩሱን፣ ከሥሩ ያለውን ደረቁንም። እኔም ተንበረከክሁ።

«ኮሌጅ ቢሆን አንዲት ቅጠል ይዞ የሚገባ ሰው በር ላይ አስቆመው ነበር» አለች። «ቤቴ ስለሆነ አላየሁትም።»

«ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

«ያላስጠረግሁት እኔ ነኝ።» «እናቴ ቤት በበዓል እንዲህ ይሸት ነበር። ከእሷ የማስታውሰው ይህን ብቻ ነው» አለች።

አፌ ላይ ቀልድ መጥቶ ነበር። ጥሩም ነበር። ዋጥሁት።  የጆንያውን አፍ ከፍቼ ያዝሁላት።


ሰኞ፣ መስከረም 19

ቀኑን ሙሉ ሥራ። ሮሳ እንዳዘዘችን መደርደሪያውን በአልኮል ወለወልን፤ ወለሉን በበረኪና፣ ሁለቴ። የመደርደሪያውን እግሮች ዘይት ያለበት ጣሳ ውስጥ አቆምሁ፤ ያቺ ተባይ እንዳትወጣ። ጆንያውን ከግቢ ውጭ አቃጠልሁት። ክፍሉ አሁን ምንም አይሸትም። በሩ ላይ ቆማ አየር ስትስብ አየኋት፤ ከዚያ ገባች።

ከስድስቱ ሁለቱ ሄዱ። ከአራቱ ጫፍ ጫፉን ቆርጣ ወደ አዲስ ጠርሙስ አዛወረች። እኔ መብራት ያዝሁላት።

ስለ ደብዳቤው ቃል አልወጣትም። ጋሼ እያለችኝ ነው፣ ምግቤንም አቅርባለች፣ ግን ከሥራ ውጭ ወሬ የለም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የናይጄሪያው ልጅ ኮምፒውተሬ ዳነ ብሎ ጽፏል። ቢያንስ አንድ ሰው አስደስቻለሁ።


ማክሰኞ፣ መስከረም 20

አራቱም ዛሬ ንጹሕ ናቸው። ሮሳ ገና አትደሰቱ ብላለች፤ ሻጋታ ካለበት ለመውጣት ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ አልተደሰትንም፤ ግን እየተፈራረቅን አየናቸው።

ከሰዓት በኋላ ሳሎን ተቀምጬ ሬዲዮ እፈታለሁ፣ እሷ ጓሮ ናት፣ ስልኬ ጮኸ። ለዶክተር ባንዳ። በአማርኛ።

«ዶክተር፣ የጠየቅሁዎትን ገና አልመለሱልኝም።»

መፍቻውን አስቀመጥሁ። ጫማዬን በር ላይ አውልቄ፣ እጄን በአልኮል አሽቼ ገባሁ። መደርደሪያው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ሌላ በርጩማ ስባ አዘጋጅታለች።

ነገርኋት። ጥሩዬ ከነልጣጩ ነበር የምትቀቅለው፣ ከጨው ጋር። ከእሳት እንደ ወረደ ሳይበርድላት ከእጅ ወደ እጅ እየወረወረች ትልጠዋለች፤ እንዳይፈጃት ትዘፍናለች፣ ድምፅ የላትም፣ ግን ትዘፍናለች። ውስጡ ቢጫ ነው። ደረቅ ነው፣ አፍ ላይ ይበተናል፤ አሬራ ካልያዙለት አይወርድም። መጀመሪያ ትንሽ መረር ይላል፣ ከዚያ ይጣፍጣል። አንቺን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በጣቷ እየደቆሰች ታጎርስሽ ነበር፤ አንቺ ደግሞ ተፍተሽ የእኔን ትለምኛለሽ።

ድምፄ ተሰበረ። እንደ ፈራሁት ነው የተሰበረው፣ ክፉኛ። የምደበቅበት ቀልድ ፈለግሁ፣ አልመጣልኝም።

መቅደስ ጠርሙሶቹን ነው የምታየው። እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች።

«ከዚያስ?» አለችኝ።

አፍንጫዬን ጠራረግሁና ቀጠልሁ።