የአባል ቁጥር 214 የሕይወት ታሪክ

አቶ ሰውአገኝ ካሴ ከአባታቸው ከአቶ ካሴ ውዱና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሸዋአየሁ መርሻ ኅዳር 10 ቀን 1953 ዓ.ም. በሰሜን ጎንደር፣ ከዳባት ከፍ ብሎ ባለ ብርዳም ቀበሌ ተወለዱ። አርባኛ ቀናቸው ታኅሣሥ ገብርኤል ላይ ስለዋለ ቄሱ ብዙም ሳያስቡ ወልደ ገብርኤል ብለው አጠመቋቸው። ይህ ስም በኋላ ብዙ ነገር ስላመጣ አድማጭ ከወዲሁ ልብ ይበልልን።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዳባት፣ የሁለተኛ ደረጃውን በጎንደር ከተማ ተከታትለው በ1976 ዓ.ም. በሒሳብ ትምህርት በመጀመሪያ ዲግሪ ተመረቁ። ጎንደር ተመልሰው ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖሩ፤ በ1988 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሁለት ኮምፒውተሮች ሲገቡ ግን ልባቸው ወደዚያው ሸፈተ። ሲ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ከአንድ የተቀዳደደ መጽሐፍ ብቻቸውን ተማሩ፤ በኋላም ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ ማራኪ አካባቢ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ ይህንኑ አስተማሩ። ተማሪዎቻቸው የማይረሷት አንዲት ምክር ነበረቻቸው፦ ፕሮግራማችሁ ለዳታቤዝ፣ ለኮምፒውተሩ የመዝገብ ቋት፣ ትእዛዝ ልኮ «ተሳክቷል» የሚል መልስ ሲመጣለት አትመኑት፤ ስንት መዝገብ እንደነካ፣ የስንቱን እንደለወጠ ጠይቁት። ይህችን ምክር ያወቋት በራሳቸው ላይ ደርሶ ነው።

በ1984 ዓ.ም. ከወ/ሮ ፋሲካ አድማሱ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ፀደንያንና መዝሙርን ወለዱ። መዝሙርም በገብርኤል ቀን ስለተጠመቀ እንደ አባቱ ወልደ ገብርኤል ተባለ።

በ2005 ዓ.ም. በቁስቋም ሰፈር የፀሐይ መውጫ እድር ጡሩምባ ነፊው አርጅቶ ሰፈር መዞር ሲያቅተው አቶ ሰውአገኝ መላ ዘየዱ። የአባላቱንና የቤተሰባቸውን መዝገብ ዳታቤዝ ውስጥ አስገቡ፤ በሲ የጻፉት ፕሮግራም ደግሞ ሰው ሲሞት «አረፈ» ብሎ እንዲመዘግብና ለዘመድ ለጎረቤት በስልክ መርዶ እንዲልክ አደረጉ። ጡሩምባ ነፊውን ጡረታ ያወጣ ሰው ተብለው ብዙ ተቀለደባቸው።

በጥቅምት 2006 ዓ.ም. አቶ ታከለ የተባሉ ጎረቤታቸው አረፉ። እንደሚታወቀው ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠየቀው ለፍትሐት የሚሆነው የክርስትና ስሙ ነው። ሚስታቸው ወልደ ገብርኤል አሉ። አቶ ሰውአገኝም ለቅሶ ቤቱ ውስጥ እንደተቀመጡ የአባል ቁጥሩን በመፈለግ ፋንታ ይህንኑ ስም ትእዛዙ ውስጥ ጻፉት፦ የክርስትና ስሙ ወልደ ገብርኤል የሆነውን «አረፈ» በል። ዳታቤዙ ተሳክቷል አለ። ዘጠኝ መዝገብ መንካቱንም ተናግሮ ነበር፤ ያንን አላነበቡትም። የዘጠኝ ሰው መርዶ ወጣ።

ከዘጠኙ ስምንቱ በሕይወት ነበሩ። አቶ አለምነህ ደጃቸው ላይ ድንኳን ሊተክሉ የመጡትን ሰዎች ራሳቸው ወጥተው ተቀበሏቸውና «ምነው አያ ሰውአገኝ፣ ሳልሞት አስለቀሱብኝ? ሸጋ ነው፣ ማን እንደሚያለቅስልኝ አየሁ» ብለው ሰፈሩን አሳቁት። አቶ ሰውአገኝም የራሳቸውን መርዶ በገዛ ስልካቸው አንብበው አብረው ሳቁ። በዚያው ቀን ስምንቱንም አንድ በአንድ ከሙታን መዝገብ አወጡ፤ ፕሮግራሙ ያወጣላቸውን የዘጠኙን ስም ዝርዝር ግን አትመው መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አኖሩት። ቅደም ተከተሉ በፊደልም በዕድሜም አልነበረም። አንደኛው ሟቹ አቶ ታከለ፣ ሁለተኛው አቶ አለምነህ፣ ስምንተኛው መዝሙር፣ ዘጠነኛው ራሳቸው ነበሩ።

አቶ አለምነህ በዓመቱ አረፉ። መቼም ሰው ይሞታል ተባለ። ሦስተኛው በ2009፣ አራተኛው በ2011 ዓ.ም. በዝርዝሩ ተራ ሲከተሉ ግን የሚስቅ ጠፋ። አቶ ሰውአገኝ የድሮ ፕሮግራማቸውን መስመር በመስመር መረመሩ። በሲ ሲጻፍ ከዳታቤዝ የተቀበሉትን መልስ ተጠቅመው ሲያበቁ መልቀቅ የፕሮግራሙ ጸሐፊ ሥራ ነው፤ ካልለቀቁት ማሽኑ እንደያዘው ይቆያል። የዚያን ቀኑን መልስ የምትለቅ መስመር አልነበረችም። ጻፏት። አምስተኛው ሰው በወሩ አረፉ።

የንስሐ አባታቸው ቄስ ወልደ ዮሐንስ ሞት በኮምፒውተር አይታዘዝም ብለው ገሠጿቸው። እሺ አባቴ ብለው መስቀል ተሳልመው ወጡ፤ ወጥተውም ቆጠሩ። በ2016 ዓ.ም. ሰባተኛው ሲቀበሩ ከመቃብሩ ዳር የመዝሙርን ክንድ እንደያዙ ቤት እስኪደርሱ አልለቀቁትም። ሾፌር የነበረውን ልጃቸውን የሊማሊሞን መንገድ አስተዉት፤ ጉንፋን በያዘው ቁጥር ሐኪም ቤት ይዘውት ይሮጡ ነበር። ለራሳቸው አልነበረም፤ ለልጃቸው ፈርተው ነበር፣ ቤተሰቡም ይህን አይደብቅም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ ላፕቶፓቸው እንዲመጣላቸው ጠየቁ። ወ/ሮ ፋሲካ ፎቶግራፍ ሊያዩ መስሏቸው ትራሱን አስተካከሉላቸው። ጥቂት ጻፉ፤ መልሱንም ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው ቀስ ብለው አነበቡት። «አንድ» አሉ። ብዙ ዓመት ያላየንባቸው ፈገግታ ነበር። ግንቦት 14 ቀን ጠዋት በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

መዝሙር የአባቱን ዕረፍት ለማስገባት መዝገቡን ሲከፍት ቀድሞ ተጽፎ አገኘው፦ የአባል ቁጥር 214፣ አረፈ፣ ግንቦት 14። የተጻፈው ግንቦት 12 ነው። የተነካ መዝገብ፣ አንድ። መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ከራሳቸው ስም ፊት የነበረው ዘጠኝ ቁጥር ተሰርዞ በእርሳስ ስምንት ተጽፎበታል። ከመዝሙር ስም ፊት ቁጥር የለም፤ ወረቀቱ እስኪሳሳ ድረስ ተፍቋል።

አቶ ሰውአገኝ ውድ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እህታቸውን ወ/ሮ አበቡ ካሴን ትተውልን ሄደዋል። ለአባቶች ካህናት አንድ ልመና አለን። በፍትሐቱ ወልደ ገብርኤል ብላችሁ ስትጠሩ፣ ሥርዓቱ ባይሆንም፣ ሰውአገኝ የሚለውን ጨምሩልን። ሌላው ወልደ ገብርኤል ከሣጥኑ ራስጌ ቆሞ እያለቀሰ ነው።

እያንዳንዱን በስሙ ለይቶ የሚያውቅ አምላክ የወልደ ገብርኤልን፣ የሰውአገኝን፣ የአባል ቁጥር 214ን ነፍስ ከቅዱሳኑ ማኅበር ይደምርልን። አንድ ነፍስ ብቻ።